ዶክተራችን ቢያርፉም ክሊኒካቸው አልተቀየረም

ስለ ክሊኒኩ ሪቪው ልጽፍ ቁጭ ብዬ ስለ ዶክተሩ ሆነብኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። 11 ዓመት ነው ያከሙኝ። ሌላ ቦታ ደረጃ ወጥቼ እያለከለኩ ለክተውኝ ግፊት አለብህ ተብዬ ደንግጬ ነው የሄድኩት፣ እሳቸው ግን መድኃኒት ከመጻፋቸው በፊት 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ አሉኝ፣ ጀርባህን ደገፍ አድርግ፣ እግርህን አታነባብር፣ ክንድህ በልብህ ትክክል ይሁን፣ ስንለካ አናወራም። ሁለቴ ለኩኝና ቤት ደግሞ ለሳምንት ጠዋትና ማታ እየለካህ ጽፈህ አምጣልኝ ብለው ሸኙኝ፤ ክሊኒክ ውስጥ 140/90 ከፍ ያለ የሚባለው ቤት ሲሆን 135/85 እንደሆነ እንኳን ያወቅኩት ከሳቸው ነው።

ተማሪዎች ሁሌም አብረዋቸው ነበሩ። መጀመሪያ እኔን ያስፈቅዱኛል፣ ከዛ ለልጆቹ "በሽተኛውን አስጨርሱት፣ አታቋርጡት" ይሏቸዋል፣ ሲሳሳቱ እኔ ፊት አያሳፍሯቸውም። ጠረጴዛቸው ላይ የልጃቸው የእርሳስ ስዕል ነበር፣ ማታ ቀጠሮ አይዙም፣ እሱ የልጆቼ ሰዓት ነው ይሉ ነበር፣ ድንገተኛ ከሆነ ግን ስልካቸውን ያነሳሉ።

አሁን ክሊኒኩን የያዙት ያስተማሯቸው ሐኪሞች ናቸው። ወረፋው ረጅም ነው፣ እውነቱን ልናገር፣ ምክንያቱም አንዱንም አያጣድፉም። ባለፈው ስሄድ አንዷ ወጣት ሐኪም ወንበር ስባ "5 ደቂቃ እንቀመጥ፣ እግርህን አታነባብር" ስትለኝ እንባዬ መጣ። 5 ኮከብ።