ፋሚሊ ሊንክ፦ ሌሊቱን ይዘጋል፣ ቀኑን ግን ለወላጅ ይተወዋል

የጎግል ፋሚሊ ሊንክ ነጻ መተግበሪያ ነው። ወላጅ በራሱ ስልክ ሆኖ የልጁን አንድሮይድ ስልክ የአጠቃቀም ሰዓት ይወስንበታል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ታዳጊ ልጅ ላላቸው ወላጆች የምንመክረው በዋናነት ለአንድ ነገር ነው፦ ለእንቅልፍ። የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ ልጆች ቪዲዮውን ለሌሊት ያቆዩታል። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ ስልክ የሚያይን ልጅ ማንም አያየውም። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል። እንቅልፍ ያጣ ታዳጊ ይነጫነጫል፣ ሆድ ይብሰዋል፣ ትምህርት ይጠላል፤ ቤተሰብም አመሉ ከፋ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ገና ለልጁ የጎግል አካውንት ሲከፍት ነው። የልደት ዘመን የሚሞላው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እንዳለ 2003 ብሎ ከሞላ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምራል፤ ጎግልም እንደ አዋቂ ስለሚቆጥረው ቁጥጥሩ አይሠራም። ቲክቶክም ከ18 ዓመት በታች ላሉት በራሱ የሚያስቀምጠው የ60 ደቂቃ ገደብ በዚሁ ስህተት ይቀራል። መጀመሪያ ዘመኑን ያስተካክሉ። ከዚያ በልጁ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ጎግል፣ ቀጥሎ ፓረንታል ኮንትሮልስ የሚለውን ከፍተው የእርስዎን አካውንት ያያይዙ። ታዳጊው ራሱ መስማማት አለበት። ተደብቆ የሚጫን አለመሆኑን ወደነዋል።

ዳውንታይም የሚባለው የመዝጊያ ሰዓትም ያሳስታል። 3:00 ፒኤም ብለው ከሞሉ ስልኩ የሚዘጋው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲዘጋ ከፈለጉ ከ9:00 ፒኤም እስከ 6:00 ኤኤም ይሙሉ። ተዘግቶም ቢሆን ልጁ ሲደወልለት ማንሳት ይችላል።

ቴሌግራምን ጨርሶ አይዝጉት፤ መምህራን ወርክሺት የሚልኩት በእሱ ስለሆነ የደቂቃ ገደብ ይበቃዋል። ቲክቶክን ሲገድቡ ግን ልጁ በክሮም በኩል እንዳይገባ ድረ ገጹንም ይዝጉ።

ትልቁ ጉድለቱ መልእክት አለማንበቡ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ የሚሰደብ፣ በፎቶው የሚፌዝበት ወይም የሚያስፈራሩት ልጅ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቢገባም ይጎዳል፤ መተግበሪያው ይህን አይነግርዎትም። ሌሊቱ ተዘግቶ ልጁ በደንብ እየተኛም ሐዘኑና ከሰው መሸሹ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ገደቡን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ከባሶና ወራና ገጠር ቀበሌዎች ልጃቸውን ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩ ወላጆች ስማርት ስልክ ከሌላቸው ብቻቸውን ሊጠቀሙበት አይችሉም። ከተማ ያለ አጎት ወይም አክስት በራሱ አካውንት ሊይዝላቸው ይችላል። የልጁ ስልክ ዳታ ካልበራ አዲስ የተለወጠ ገደብ አይደርሰውም፤ ስለዚህ ለፈተና ሰሞን ተጨማሪ ሰዓት መፍቀድ ካስፈለገ የተዘጋውን ስልክ የሚከፍተውን የወላጅ ኮድ ከመተግበሪያው አውጥቶ በስልክ ደውሎ መንገር ይሻላል።