የጎረቤታሞች የኤሌክትሪክ ጨረታ በባቲ፦ የአንድ ገዢ ግምገማ

በባቲ ከተማ ዳርቻ በሚገኘው ሰፈራችን፣ ጣሪያቸው ላይ ሶላር የተከሉ ቤቶች የተረፋቸውን ኤሌክትሪክ ለጎረቤት በጨረታ የሚሸጡበት አገልግሎት ከተጀመረ ስድስት ወር ሆኖታል፤ እኔም ከገዢዎቹ አንዱ ነኝ። ሽቦውና ቆጣሪው በደንብ ይሠራሉ። ሰፊ ሐተታ የሚሻው የዋጋ አወጣጥ ደንቡ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እያንዳንዱ ገዢ የሚከፍለው ራሱ በስልኩ የላከውን ዋጋ ነበር። ይህ ፍትሐዊ ቢመስልም፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 20 ብር የከፈለ ሰው ጎረቤቱ በ12 ብር ማግኘቱን ሲሰማ በማግስቱ የልቡን ዋጋ ይደብቃል። በሰኞ ገበያችን ፍየል የሚገዛ ሰው አቅሙን አስቀድሞ እንደማይገልጥ ሁሉ፣ እኛም የሌላውን ሐሳብ ስንገምት እናመሽ ነበር፤ ግምቱ ሲስት ሻጩ ኃይል እያለው ገዢው በጨለማ ያድራል።

አሁን ደንቡ ተለውጧል። የሻጮች ዋጋ ከዝቅተኛው፣ የገዢዎች ደግሞ ከከፍተኛው ጀምሮ ይደረደራል። ለምሳሌ ሦስት ሻጮች እያንዳንዳቸው አንድ ኪሎዋት ሰዓት በ8፣ በ11 እና በ14 ብር ቢያቀርቡ፣ ሦስት ገዢዎች ደግሞ 20፣ 15 እና 12 ብር ቢሰጡ፣ ሦስተኛው ገዢ የሰጠው 12 ብር ሦስተኛው ሻጭ ከጠየቀው 14 ብር ስለሚያንስ የሚፈጸመው ሽያጭ ሁለት ብቻ ነው፤ ዋጋውም ለሁሉም አንድ፣ ይኸውም በ12 እና በ14 ብር መካከል፣ ለምሳሌ 13 ብር ይሆናል። 20 ብር ያለው ሰው 13 ብር ስለሚከፍል እውነቱን በመናገሩ አይጎዳም። በእኔ ግምት ይህ ለውጥ ብቻውን አገልግሎቱን ከውድቀት አድኖታል። እንከን የለሽ ደንብ እንኳ አይጠበቅም፤ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሮጀር ማየርሰንና ማርክ ሳተርዝዌይት እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳዩት፣ ገዢና ሻጭ የየራሳቸውን ዋጋ በልባቸው ይዘው ሲገናኙ፣ ከውጭ ድጎማ ሳይገባ ጠቃሚ የሆነውን ግብይት ሁሉ ሁልጊዜ የሚያስፈጽም ደንብ በአጠቃላይ አይገኝም።

ቅሬታዬ ስለ ምሽቱ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚሸጡት ባትሪ ያላቸው ሁለት ቤቶች ብቻ ስለሆኑ፣ ሁለቱ ዋጋ ከፍ ካደረጉ የሚፎካከራቸው የለም። ከዚህም በላይ ጨረታ የሚመዝነው የኪስን አቅም እንጂ ችግርን ስላልሆነ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ባለሱቅ ልጆቿ በመብራት እንዲያጠኑ የምትሻን እናት በቀላሉ ይበልጣታል። 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት ቢበራ የሚፈጀው 25 ዋት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለ40 ቤት መብራት ይበቃል። ይህችን ያህል በየምሽቱ ከጨረታው ውጭ በቁርጥ ዋጋ እንዲያስቀምጡ፣ ለምሽቱ ሽያጭም የዋጋ ጣሪያ እንዲያበጁ አገልግሎቱን የሚያስተዳድሩትን በጽሑፍ ጠይቄአለሁ፤ እስካሁን ምላሽ አልሰጡኝም።