ባትሪ የሚጨርሰውን መፈለግ፦ በአምፔር ወይስ በፊውዝ?

ማታ ደህና የነበረ የመኪና ባትሪ ጠዋት ሞቶ ከተገኘ፣ ባትሪውን የጨረሰውን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) መፈለጊያው መንገድ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ሞተርና ቁልፍ ጠፍቶ የነጌቲቩን ገመድ መፍታትና ቴስተሩን በገመዱና በባትሪው መሃል ማስገባት ነው። ቀዩ ሽቦ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ላይ ይሰካል። መኪናው እስኪተኛ (ኮምፒውተሮቹ ሥራ እስኪያቆሙ) ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ከ50 ሚሊአምፔር በታች ካነበበ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ግን አደራ! በዚህ መሃል ሞተር እንዳታስነሱ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ቀዩን ሽቦ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ላይ ረስቶ በቴስተሩ ሽቦዎች የባትሪውን ሁለት ጫፍ መንካትማ ሾርት ነው፤ እጅ ያቃጥላል።

ሁለተኛው ምንም አያስፈታም። ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጎ በየፊውዙ ጀርባ ያሉትን ሁለት የብረት ነጥቦች መንካት ነው። ንባቡ ከ0 ከፍ ካለ በዚያ መስመር ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው። መጠኑን በቀጥታ አይነግርም፤ መስመሩን ግን ያሳያል። ለጀማሪ እኔ ይህን እመርጣለሁ።