ሰሜን ዴቨን፦ ተጎታች ካራቫን ወይስ ቋሚ?

እንግሊዝ ውስጥ ሰሜን ዴቨን ላይ ገበሬ ቤተሰቦች በሚያስተዳድሩት ማረፊያ ለመሰንበት የራስን ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ጎትቶ መሄድ ወይም እዚያው የተተከለውን መከራየት ይቻላል።

የተጎታቹ ጣጣ ከመንገዱ ይጀምራል። የገጠሩ መንገድ ጠባብ፣ ግራ ቀኙ አጥር ስለሆነ ከስልክ ካርታ ይልቅ ባለቤቶቹ የሚነግሩዎትን አቅጣጫ ይከተሉ። ሁለተኛው መብራት ነው። መስመሩ 10 አምፔር ከሆነ የሚያገኙት 2300 ዋት ገደማ ነው፤ የቤትዎን 3000 ዋት ማንቆርቆሪያ ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ከ1000 ዋት የማይበልጥ ይያዙ። የኤሌክትሪክ ምጣድማ አይታሰብም፣ እንጀራውን ጋግረው ይሂዱ። በብርድ ወራት ደግሞ ለምድጃው ፕሮፔን ጋዝ ይግዙ፤ ቡቴን የተባለው ጋዝ 0 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አይተንም፣ ምድጃው ይጠፋል።

ቋሚው ሻወሩም ምድጃውም ዝግጁ ነው። አንሶላና ፎጣ በኪራዩ መካተቱን ብቻ ይጠይቁ። ሕፃን ላለው ቤተሰብ፣ በተለይ ዝናብ ሲበዛ፣ እኛ ይህን እንመርጣለን።

ለሽርሽር ሁለቱም እኩል ናቸው። የዉላኮም ባሕር ዳርቻ ሰፊ አሸዋ አለው። ሊንማውዝ ላይ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የገደል ባቡር በውሃ ክብደት ይንቀሳቀሳል፦ የላይኛው ፉርጎ ታንክ ሲሞላ ወርዶ የታችኛውን ይስባል። በአካባቢው ባሕር፣ በብሪስቶል ቻናል፣ ውሃው በየዕለቱ ሲሞላና ሲጎድል በጣም ከፍና ዝቅ ስለሚል ከቋጥኞቹ ሥር ከመሄድዎ በፊት ውሃው በዕለቱ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ይመልከቱ።