የልብስ ማድረቂያ ማሽናችንን ላዳነልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለደብረ ማርቆስ ሰዎችም ጥቆማ

ሰላም የማርቆስና የአካባቢው ቤተሰቦች! ልብስ ማድረቂያ ማሽን ቤታችሁ ያለ ሁሉ ይችን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ላመሰግነው የሚገባኝ ልጅ አለ፤ እናንተም እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

የማርቆስን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጮቄ ብርድና ጉም ሲደመርበት፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ከመሽተት በቀር አይደርቅም። እኛ ቤት ሕፃንም አለ፣ ብርድ የማይስማማት እናትም አለች። እህቴ ከውጭ የላከችልን ማሽን ባይኖር ክረምቱን መግፋት ይከብደን ነበር።

ታዲያ ይኼው ማሽን እየደከመ መጣ። በአንድ ዙር ያደርቀው የነበረውን ልብስ ሁለት ሦስት ዙር ይፈጅበት ጀመር። ልብሱ ትኩስ ሆኖ ግን እርጥብ ይወጣል፤ የማሽኑ ጀርባ እጅ አያስነካም። በመጨረሻም ከበሮው ይዞራል፣ ሙቀት ግን የለም። መጀመሪያ የጠራነው ሰው ማሽኑን ሳይፈታ «ቦርዱ (የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያው) ተቃጥሏል» አለና የማይቀመስ ዋጋ ነግሮን ሄደ።

ይህኛው ልጅ ገብቶ እናቴን ጎንበስ ብሎ ሰላም ካለ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀው «እማማ፣ አየሩ በየት ነው የሚወጣው?» ብሎ ነው። ሶኬቱን ነቀለ፣ ማሽኑን ከግድግዳው ሳበ፣ የኋላውን ቱቦ ፈታ። ቱቦው በታጠፈበት በኩል እጁን ሰዶ የጎተተውን ብታዩ! እንደ ባዘቶ የተጠቀለለ ግራጫ ብናኝ፣ መሃሉ ገና እርጥብ። የጋቢውና የነጠላው ጥጥ ነው። ፊልተሩን በየዙሩ እናጸዳለን፤ ግን ፊልተር ሁሉን አይዝም፣ ያመለጠው እየሾለከ ሄዶ የቱቦው እጥፋት ላይ ይከማቻል። የእጅ ሽመና ልብስ የሚያደርቅ ቤት ደግሞ ብናኙ ይበዛበታል።

ነገሩን ለእናቴ በሚገባት አማርኛ አስረዳት። እርጥቡ አየር መውጫ ሲያጣ ልብሱ አይደርቅም፤ ሙቀቱም እዚያው ይታፈናል፤ ከልክ ሲያልፍ የሙቀት ፊውዙ ተበጥሶ ማሞቂያውን ያቆመዋል። ቴስተሩን አውጥቶ እየለካ አሳየን። ፊውዙ ተበጥሷል፣ ቦርዱ ግን ደህና ነው።

እናቴ «ልጄ፣ ለዛሬ እንኳ በሽቦ አያይዘህ አታስነሳልንም?» አለችው። «እማማ፣ እሱን በሽቦ ካለፍሁት ማሽኑ ሲግል የሚያቆመው የለም። እርስዎ ተኝተው እሳት ቢነሳስ? ይታገሡኝ፣ ፊውዙን ፈልጌ አመጣለሁ» አላት። እኔ ይህን ልጅ ያከበርሁት በዚህች መልሱ ነው። በሽቦ አገናኝቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበርኮ። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ያለውን መረጃ መርምሮ፣ በዚያ አገር በዓመት 2,900 ያህል የመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ከልብስ ማድረቂያ እንደሚነሳ፣ ግንባር ቀደሙ ምክንያትም አለማጽዳት እንደሆነ አስታውቋል። ብናኝ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነው።

እንዳለውም ፊውዙን ይዞ መጣ። የላስቲኩን ቱቦ አውጥቶ ውስጡ ለስላሳ በሆነ የብረት ቱቦ ተካው፤ አሳጥሮም እጥፋቱን ቀነሰው። የማሽኑን ሆድ ከፍቶ በቫኪዩም ጠረገ፣ ቺንጋውን ፈተሸ፣ ውጭ ያለው የቱቦው መክደኛ በአየሩ ኃይል መከፈቱን ወጥቶ አየ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተምሮን ሄዷል። ብናኙ የተነሳለትን ፊልተር ቧንቧ ሥር ያዘና ውሃ ለቀቀበት። ውሃው ማለፍ ሲገባው ወንፊቱ ላይ ቆመ! ለካ የልብስ ማለስለሻው ቅባት ዓይኑን ደፍኖታል። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ሲያሸው ውሃው ወረደ። ከበሮው ውስጥ እርጥበት የሚለኩትን ሁለት የብረት ዘንጎችም በአቼቶ በነከረው ጥጥ ወለወላቸው። እነሱም ቅባት ከያዛቸው ማሽኑ ልብሱ ሳይደርቅ ደረቀ ብሎ ያቆማል።

ሒሳቡን ሲነግረን ፊውዙን፣ ቱቦውንና የእጁን ለየብቻ ዘርዝሮ ነው፤ የተበጠሰውንም ፊውዝ እጃችን ላይ አስቀመጠልን። ጋቢው አሁን በአንድ ዙር ደርቆ ይወጣል። እናቴ «እጅህን ቁርጥማት አይንካው» ብላ መርቃዋለች፤ እኔም በአደባባይ አመሰግናለሁ። ወንድሜ፣ እድግ በል!

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትደውሉለት ማሽናችሁ አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ይሁን ወይስ ውሃውን በሳጥን የሚያጠራቅም አስቀድማችሁ ንገሩት። የሁለተኛው ዓይነት ቱቦ የለውም፤ የሚጸዳው ውስጡ ያለው፣ እርጥቡን አየር አቀዝቅዞ ውሃ የሚያደርገው ኮንደንሰር ስለሆነ ይዞት የሚመጣው ዕቃ ይለያል። ክረምቱ ከገባ ወረፋ ይበዛበታል፤ የምትችሉ በግንቦት ጥሩት።