ዲፒኬጂና አፕት በደሴ፦ በፍላሽ የመጣን ሶፍትዌር ማን ይመረምረዋል?

ኡቡንቱና ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ሥርዓቶች በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ሶፍትዌር የሚጭኑልን ዲፒኬጂና አፕት በነጻ የሚገኙ፣ ለዓመታት የተፈተኑና ለማንም የምመክራቸው መሣሪያዎች ናቸው። ሆኖም የጥበቃ ሥርዓታቸው የተዘረጋው ኮምፒውተሩ ሶፍትዌሩ በኢንተርኔት ከሚቀመጥበት ይፋዊ ማከማቻ ጋር በቀጥታ እንደሚገናኝ ታስቦ ነው። ደሴ ላይ ግን ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወይም ዳታ ሲያልቅ፣ ኮምቦልቻ የወረደ የዴብ ፋይል (ሶፍትዌር ለመጫን ተዘጋጅቶ የታሸገበት ፋይል፣ ማለትም ፓኬጅ) በፍላሽ ተይዞ የሐረጎን አቀበት ይወጣና ፒያሳ አካባቢ ባሉ የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣል። የምገመግማቸውም በዚህ አጠቃቀም ነው።

አፕት ከማከማቻው ሲያወርድ በመጀመሪያ የፓኬጆቹን ዝርዝር ዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል፤ ቀጥሎም የወረደውን ፋይል አሻራ (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ቁጥር) በዝርዝሩ ላይ ከሰፈረው ጋር ያመሳክራል። በዚህ በኩል እንከን አላወጣለትም። በፍላሽ የመጣውን ፋይል በዲፒኬጂ ስንጭን ግን ማያው ላይ ፓኬጁ እየተፈታ፣ ከዚያም እየተሰናዳ መሆኑን የሚገልጹ ጥቂት መስመሮች ይወጣሉ እንጂ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም።

ጠንቃቃ ባለሙያ ታዲያ ከመጫኑ በፊት ይዘቱን የዲፒኬጂ አካል በሆነው ዲፒኬጂ-ዴብ ከፍቶ ይመለከታል። ልማዱ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን መመልከቻው ራሱ ክፍተት ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሃኖ ቦክ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ ያገኘው ስህተት፣ በዓለም አቀፉ የደኅንነት ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2015-0860 በሚል የተመዘገበው፣ ይህንኑ አሳይቷል። በሲ ቋንቋ የተጻፈው ዲፒኬጂ-ዴብ በአሮጌው ቅርጽ የተዘጋጀ ፓኬጅ ሲከፍት፣ የቅርጹን ቁጥር በሚያነብበት ጊዜ ከተመደበለት የሜሞሪ ቦታ በአንድ ባይት አልፎ ይጽፍ ነበር። አንድ ባይት ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ሆን ተብሎ የተበላሸ ፋይል በዚያች ቀዳዳ ገብቶ የአጥቂውን ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችል ስለነበር፣ ሳይጭን ለማየት ብቻ የከፈተውም ሰው ለአደጋ ተጋልጦ ነበር። ስህተቱ በዲፒኬጂ 1.16.17 እና 1.17.26 እትሞች ታርሟል። እርማቱ የሚደርሰው ግን ኮምፒውተሩን ለሚያዘምን ሰው ብቻ ነው፤ ከኢንተርኔት ርቆ በፍላሽ የሚገለገለው ደግሞ በአብዛኛው የማይዘመነው ነው።

አፕትም ከዚህ ዓይነቱ ችግር አላመለጠም፤ በ2020 የዴብ ፋይሎችን በሚያነብበት ክፍል ላይ ከልክ ያለፉ ቁጥሮችን በአግባቡ ያለመያዝ ስህተት ተገኝቶ ታርሟል። ስለዚህ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ከአፕት አዘጋጆች አንዱ፣ ከግንቦት 2026 በፊት ባይሆንም፣ መሣሪያው ረስት የተባለውን ቋንቋ መጠቀም እንደሚጀምር ማስታወቁን በደስታ ነው የተቀበልኩት። በዋናነት የተጠቀሱትም የዴብ ፋይል የሚነበብበትና ፊርማ የሚረጋገጥበት ክፍል ናቸው፤ ረስት ከተመደበ ቦታ አልፎ መጻፍን በአመዛኙ የሚከለክል ቋንቋ በመሆኑ ምርጫው ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ ነው።

ይሁን እንጂ ረስት ሁሉንም አይፈታም። ፓኬጅ ሲጫን አብረውት የሚመጡ ስክሪፕቶች በሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚሠሩ፣ ክፉ ፋይል የጫነ ሰው የሜሞሪ ስህተት ባይኖርም ኮምፒውተሩን አሳልፎ ይሰጣል። ለጥገና ቤቶቻችን የሚበጀው ነጠላ ፋይል ከመቀባበል ይልቅ የማከማቻውን ቅጂ ከተፈረመው ዝርዝሩ ጋር በሃርድ ዲስክ ማምጣትና በአፕት በኩል መጫን ነው፤ እንዲህ ሲሆን ፊርማው ያለ ኢንተርኔትም ይረጋገጣል። ከዲፒኬጂ በኩል ደግሞ ፊርማ የሌለውን ፋይል ከመጫኑ በፊት ቢያንስ አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር እንዲያወጣ እፈልጋለሁ።