ማስ ስፔክትሮሜትር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለፖሊመር የትኛው፣ ለናኖ ቅንጣት የትኛው?

ፖሊመሩንም ናኖ ቅንጣቱንም በአንድ ማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሎችንና አቶሞችን በክብደታቸው ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) እለካለሁ ብሎ የሚነሳ ላቦራቶሪ ብዙውን ጊዜ ለአንዱ ሥራ የማይሆን መሣሪያ ይገዛል። ከፖሊመር፣ ማለትም ተደጋጋሚ ክፍሎች በሰንሰለት ከተያያዙበት ሞለኪውል፣ የምንፈልገው ሰንሰለቱ ሳይሰበር እንዲመዘን ነው፤ የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣት ሲሆን ግን መሣሪያው እስከ አቶም አፈራርሶ እንዲቆጥርልን ነው። ስለዚህ ብሮሹር ከማገላበጣችሁ በፊት የናሙናዎቻችሁን ዝርዝር ጻፉ።

አብዛኛው ሥራችሁ ፖሊመር ከሆነ ቀዳሚው ምርጫ ማልዲ-ቶፍ (ናሙናውን በሌዘር አስነስቶ አዮኖቹን በበረራ ጊዜያቸው የሚመዝን መሣሪያ) ነው። ናሙናው ማትሪክስ ከሚባል ብርሃን መጣጭ ውህድና ከጥቂት ጨው ጋር ተቀላቅሎ ይደርቃል፣ በሌዘር ይመታል፣ አብዛኛው ሰንሰለትም አንድ ቻርጅ ብቻ ይዞ ይነሳል። ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ፒክ (በስፔክትረሙ ላይ የሚታይ ጉብታ) አንድ የሰንሰለት ርዝመት ስለሚወክል ስፔክትረሙ በዓይን ይነበባል። ፒኮቹ በፖሊኢቲሊን ግላይኮል በ44፣ በፖሊስታይሪን በ104 ዳልተን (የአቶምና የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ይራራቃሉ፤ ይህም የአንድ ተደጋጋሚ ክፍል ክብደት ነው። ተደጋጋሚዎቹን ክፍሎችና የጨውን አዮን ስትቀንሱ የሚተርፈው ክብደት በሰንሰለቱ ጫፎች ላይ ምን እንዳለ ይነግራችኋል። አዲስ ፖሊመር ለሚሠራ ሰው ይህ መረጃ ብቻውን የመሣሪያውን ዋጋ ያወጣል ባይ ነኝ።

ብሮሹሩ ስለ መቶ ሺዎች ዳልተን ሲያወራ ግን አትቸኩሉ፤ እንዲህ ያለው ቁጥር በአብዛኛው በፕሮቲን የተገኘ ነው። ዲስፐርሲቲው (የሰንሰለቶቹ ርዝመት ምን ያህል እንደሚለያይ የሚያሳየው ቁጥር) ከ1.2 ገደማ ካለፈ ከባዶቹ ሰንሰለቶች ከቁጥር ይጎድላሉ፣ አማካዩም ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ የሶዲየምም ሆነ የብር አዮን አጥብቆ የሚይዝ ቦታ ስለሌላቸው ለማልዲ በጄ አይሉም። ለእነሱና በአሟሚ ለማይሟሟ ጎማ ፒሮሊሲስ (ናሙናውን በሙቀት መሰባበሪያ) ያለው ጋዝ ክሮማቶግራፍ-ማስ ስፔክትሮሜትር ይሻላል፤ የፖሊመሩን ማንነት ይለያል፣ የሰንሰለቱን ርዝመት ግን አይናገርም።

ኤሌክትሮስፕሬይ፣ ማለትም የሟሟውን ናሙና በኤሌክትሪክ ረጭቶ አዮን የሚያደርገው ዘዴ፣ ከፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ጋር በቀጥታ ይገጠማል፣ ለአጫጭር ሰንሰለቶችም ጥሩ ነው። ረጃጅሞቹ ግን ብዙ ቻርጅ ስለሚይዙ ፒኮቹ ይደራረባሉ።

(ጆን ፌን በኤሌክትሮስፕሬይ፣ ኮይቺ ታናካ በሌዘር ዘዴው የ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋርተዋል። የታናካ ማትሪክስ በግሊሰሮል የተለወሰ እጅግ ደቃቅ የኮባልት ዱቄት ነበር፤ ናኖ ቅንጣት ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም።)

ወርቅ፣ ብር ወይም የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት የምትለኩ ከሆነ ነጠላ ቅንጣት የሚቆጥር አይሲፒ-ኤምኤስ (በፕላዝማ፣ ማለትም እጅግ በጋለ አዮናዊ ጋዝ፣ የሚሠራ ማስ ስፔክትሮሜትር) ፈልጉ። በጣም የቀጠነው ናሙና ወደ አርጎን ፕላዝማ ይገባል፣ እያንዳንዱ ቅንጣትም ከአንድ ሚሊሰከንድ ያነሰ የአዮን ብልጭታ ይሰጣል። የብልጭታዎቹ ብዛት የቅንጣቱን ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ጉልበት ክብደቱን ያሳያል። ዲያሜትሩ የሚሰላው ቅንጣቱ ድቡልቡል ነው ተብሎ ስለሆነ ለዘንግ መሰል ቅንጣት ውጤቱን በጥንቃቄ ውሰዱት። ዲያሜትሩ ከ60 ወደ 30 ናኖሜትር ሲወርድ ምልክቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወድቃል፤ ከ10 ናኖሜትር በታች መለካት የሚከብደውም ለዚህ ነው። ሲሊካ ደግሞ ይብሳል፣ የናይትሮጅን ሞለኪውል ሲሊከን በሚለካበት በዚያው በ28 ዳልተን ላይ ይወጣበታልና። የፖሊስታይሪን ናኖ ቅንጣት ለመለካት ብላችሁ ግን አትግዙት፤ በፕላዝማው ውስጥ የሚኖረው የካርቦን ዳራ ይውጠዋል።

ኳድሩፖልና ቶፍ ከሚባሉት ሁለት የአዮን መለያዎች አንዱን የምትመርጡትም እዚህ ላይ ነው። ኳድሩፖል በአንድ ቅጽበት አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ስለሚያይ ለንጹሕ የወርቅ ወይም የብር ቅንጣት ይበቃል። የወርቅ እምብርትና የብር ቅርፊት ያለው ቅንጣት ካላችሁ ግን ሁለቱንም ከአንዱ ብልጭታ የሚያነብ ቶፍ ያስፈልጋችኋል።

የአይሲፒ-ኤምኤስ ሻጩን አጥብቃችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ የንባብ ጊዜው (መሣሪያው አንዱን ንባብ ለመውሰድ የሚፈጅበት ጊዜ) ምን ያህል እንደሚያጥር ነው፤ 100 ማይክሮሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ የቀረውን መስማት አያስፈልግም። ለማልዲ ደግሞ የእነሱን የማሳያ ናሙና ትታችሁ የራሳችሁን፣ በተለይ ሰፊ ስርጭት ያለውን ላኩና ውጤቱን በመጠን ለያይ ክሮማቶግራፊ ካገኛችሁት አማካይ ጋር አስተያዩት።